ከሲሚንቶ ሸክም ጉልበት ማትረፍ፦ ከኮምቦልቻ የአንድ ጫኝና አውራጅ የጉዳይ ጥናት

በአንድ ጠዋት አሥር ቶን ሲሚንቶ የተሸከመ ሰው በማግስቱ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ላይ መሳብ የቻለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በግራ ክንዱ ተደግፎ በጎኑ የቆየውም 21 ሰከንድ ነው። ሸክም በራሱ ያጠነክራል ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ግራ ያጋባል። እዚህ የተመዘገበው ይኸው ሰው ከጥር 12 እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በነበሩት አሥራ ሁለት ሳምንታት፣ ሥራውን ሳይተውና ለጂም ሳይከፍል ሸክሙን ወደ ጥንካሬ ልምምድ የቀየረበት መንገድ ነው።

ዕድሜው 27፣ ክብደቱ 61 ኪሎ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የሲሚንቶና የእህል መጋዘን፣ ስምንት ሰው ባለው ቡድን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሲሠራ አራት ዓመቱ ነው። ሁለት ቅሬታ ነበረው። ጠዋት ሲነሳ ወገቡ ይደርቃል፣ ለመፍታታት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ቀኝ እጁም ወደ ላይ ሲዘረጋ ጆሮው ጋ ሳይደርስ ይቆማል።

ሥራው በቁጥር

ሲሚንቶው የሚመጣው በተሳቢ ነው፤ አንዱ መኪና 400 ኩንታል ይይዛል፣ ይህም ባለ 50 ኪሎ 800 ከረጢት ማለት ነው። በቡድኑ ልማድ ሁለት ሰው መኪናው ላይ ሆኖ ያሸክማል፣ አራቱ ይሸከማሉ፣ ሁለቱ መጋዘን ውስጥ ይደረድራሉ። ስለዚህ አንድ ተሸካሚ 200 ከረጢት ይደርሰዋል። ከመኪናው እስከ ክምሩ 25 ሜትር ስለሆነ አምስት ኪሎ ሜትር ከነሸክሙ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ባዶውን ይጓዛል። በአራት ሰዓት ውስጥ ይህ ሁሉ ሲያልቅ አንዱ ምልልስ ከ72 ሰከንድ አይበልጥም።

ጥንካሬ ግን በዚህ መንገድ አይገነባም። ጡንቻ የሚጠነክረው ክብደቱ ደረጃ በደረጃ ሲከብድበት፣ ድግግሞሹ ጥቂት ሲሆን፣ በዙር መካከል ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሲያርፍ ነው። ከረጢቱ ግን በመጀመሪያው ቀንም 50 ኪሎ ነው፣ በአራተኛው ዓመትም 50 ኪሎ ነው። ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ድካምን የመቻል አቅም እንጂ ጉልበት አይደለም። ሌላም አለ። ሸክሙ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይጫናል እንጂ ተሸካሚው የሚስበው ነገር የለም፤ ከራሱ በላይ የሚያነሳውም የለም። በዚያ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ቀኝ ትከሻው ብቻ ነው የተሸከመው። ሁለት ጊዜ ብቻ መሳቡና የግራ ጎኑ መድከም ከዚህ የመጡ ይመስላሉ።

በዴንማርክ ሠራተኞች ላይ በተደጋጋሚ የታየ አንድ ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ስፖርት ልብን ይጠቅማል፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ከባድ የጉልበት ሥራ ግን ያንን ጥቅም አያስገኝም፣ እንዲያውም ለልብ በሽታ ከመጋለጥ ጋር ተያይዞ ይገኛል። በስፖርት የልብ ምት ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ በሸክም ሥራ ግን ለሰዓታት ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ማገገሚያ ጊዜም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ልምምድ መጨመር ሳይሆን ጥቅም የሌለውን ሸክም መቀነስ ሆነ።

ዙሩን ማዟዟር

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው፤ ያለ ካቦው ስምምነትም አይሆንም ነበር። ቀድሞ መደርደር የሁለቱ አንጋፋዎች፣ ማሸከም የሁለቱ ጉልበተኞች ድርሻ ነበር። አዲሱ አሠራር መኪናውን በአራት ይከፍለዋል፤ በየ200 ከረጢቱ ቦታ ይቀያየራሉ። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ሰው አንድ ሩብ ያሸክማል፣ ሁለት ሩብ ይሸከማል፣ አንድ ሩብ ይደረድራል። በትከሻ የሚያልፈው ከ200 ወደ 100 ከረጢት ወረደ። ማሸከም ከረጢቱን ወደ መኪናው አፋፍ መጎተት ስለሚጠይቅ ጀርባንና ክንድን ያሠራል፤ መሸከም እግርን፣ መደርደር ደግሞ ደረትንና ትከሻን። አንድ መኪና ማውረድ መላ አካልን የሚያዳርስ ልምምድ የሆነው በዚህ ነው።

ቡድኑ ገንዘቡን በድምር ተቀብሎ እኩል ስለሚካፈል ማዟዟሩ የማንንም ኪስ አልነካም። እያንዳንዱ ሰው በተሸከመው ልክ በሚከፈልበት ቦታ ግን ይህ አሠራር መጀመሪያ በክፍያው ላይ መነጋገርን ይጠይቃል፤ ያለዚያ በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል። የመጀመሪያው መኪና ከተለመደው ግማሽ ሰዓት ዘገየ፣ ባለንብረቱም ቅር አለው። በሦስተኛው ሳምንት ጊዜው ተመለሰ፤ ምክንያቱም ቀድሞ በመጨረሻው ሩብ ላይ ይጎተቱ የነበሩት ተሸካሚዎች አሁን እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት ይሄዳሉ።

ባለ 100 ኪሎው የእህል ጆንያ ከልምምዱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ የተቀመጠው የሸክም ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። ሙሉ ኩንታል ከዚህ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በጀርባ መሸከሙ ጀግንነት ተደርጎ ቢታይም ማንንም አያጠነክርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ኩንታሉ ሁለት ሰው አንስቶት በእጅ ጋሪ እንዲሄድ ተደረገ።

አነሳሱ

የወገብ ጉዳት የሚመጣው ከክብደቱ ይልቅ ክብደቱ ከሰውነት ካለው ርቀት ነው። ከወገብ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተያዘን 50 ኪሎ ለመሸከም፣ ከአከርካሪው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት የጀርባ ጡንቻዎች 50 ሲባዛ በ40፣ ሲካፈል ለ5፣ ማለትም 400 ኪሎ ያህል ኃይል ማውጣት አለባቸው። ያንኑ ከረጢት ሆድ ላይ አስጠግቶ ርቀቱን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ማውረድ ኃይሉን ወደ 250 ይቀንሰዋል። የላይኛው አካል የራሱ ክብደት እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ስለዚህ የሲሚንቶ አቧራ ልብስ እንዳይነካ ብሎ ከረጢትን አርቆ መያዝ ወገብን መክፈል ነው። ከአሮጌ ጆንያ የተቆረጠ ሽርጥ ይህን ችግር ፈታው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አነሳስን ለማረም ብቻ ዋሉ። ልምዱ የተጀመረው በመጥረጊያ እንጨት ነው። እንጨቱ ጀርባ ላይ ተይዞ የራስ ቅልን፣ የመሐል ጀርባንና የመቀመጫን አጥንት ይነካል፤ ሰውየው ከዳሌው ሲያጎነብስ ሦስቱም ነጥቦች ከእንጨቱ መለየት የለባቸውም። የመሐሉ ከለቀቀ ዳሌው ሳይሆን ወገቡ እየታጠፈ ነው ማለት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ይበቃል። በከረጢት ሲሆን ደግሞ እግር ከትከሻ ስፋት ጥቂት ከፈት ብሎ ከረጢቱ በሁለቱ እግሮች መካከል ይሆናል፤ ትንፋሽ ተስቦ ሆድ ይጠብቃል፤ ተረከዝ መሬቱን እየገፋ ይነሳል። ትንፋሹ የሚለቀቀው ከቆሙ በኋላ ነው። ዞር ለማለት እግር ይዞራል እንጂ ወገብ አይጠመዘዝም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን አፍኖ ማንሳት የለበትም፤ ሲነሳ ቀስ እያለ ያስወጣ።

ከመኪና ሲቀበሉ ከረጢቱ አፋፉ ላይ በቁሙ ይጠብቃል። ተሸካሚው ጉልበቱን አጥፎ ትከሻውን ከሥሩ ያስገባና በእግሩ ይነሳል። አሸካሚው ከረጢቱን ከላይ ከለቀቀበት ግን ያ ሸክም ሳይሆን ምት ነው፤ ማጅራት የሚጎዳው በዚህ ነው።

ጠዋት ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሌሊት በመተኛት ብዛት በአከርካሪ መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃ ስለሚይዙ ከእንቅልፍ በተነሱ በመጀመሪያው ሰዓት ወገብን አጥብቆ ማጠፍ ይበልጥ ይጎዳል። መኪና ሌሊት ደርሶ 12 ሰዓት ላይ ማውረድ ሲጀመር ይህ ችላ ይባላል። ሰውየው ከቤቱ በባጃጅ መምጣቱን ትቶ 25 ደቂቃ በእግሩ እንዲመጣ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ከረጢቶችም ሳይሮጥ ይሸከማል። ከማንኛውም መለጠጥ በላይ የጠዋቱን ድርቀት የቀነሰው ይህ ነው። ጫማም ተቀየረ፦ የሚያንሸራትተው ኮንጎ ቀርቶ ተረከዙ ዝቅ ያለ ከስክስ።

ከረጢቱ ካልከበደስ?

የልምምድ መሠረቱ ክብደትን መጨመር ከሆነ 50 ኪሎ ላይ የቆመ ከረጢት ምን ይደረጋል? መልሱ የተገኘው ከመደርደሪያው ነው። ከረጢቱ ባይከብድም የሚነሳበት ከፍታ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር እግርና ዳሌ የሚሠሩት ሥራ ይረዝማል።

ሰውየው በሚደረድርበት ሩብ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አሥር ከረጢቶች ብቻውን፣ አምስት አምስት አድርጎ ያነሳል። ጓደኛው የራሱን አምስት ሲያነሳ እሱ ያርፋል፤ ይህም ሁለት ደቂቃ ያህል ይሆናል። የቀሩትን ሁሉ ለሁለት ያነሳሉ፤ ከደረት በላይ የሚወጣ ከረጢትም ሁልጊዜ የሁለት ሰው ነው። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ከ70 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአምስት ከረጢት ክምር ላይ አነሳ። ቀጥሎ ወደ 45 ወረደ፤ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ከፓሌት (ዕቃ ከሚቀመጥበት ዝቅተኛ የእንጨት ርብራብ) ላይ፣ ከ15 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ወደ ዝቅተኛው ከፍታ የሚያልፈው አምስተኛውን ሲያነሳ ገና ሁለት እንደሚቀረው ከተሰማው ብቻ ነው። ለ61 ኪሎ ሰው ከመሬት የሚነሳ 50 ኪሎ ቀላል አይደለም፤ ወደዚያ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ አልረዘመም።

ሥራው የማይሰጠው

መሳብና የጎን ጥንካሬ ከመጋዘኑ ሥራ አይገኙም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለ30 ደቂቃ ለብቻቸው ተሠሩ። መሣሪያው ጀሪካን፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ የመጋዘኑ በር ላይ ያለው ብረትና የአይሱዙ ስፖንዳ ነው።

በብረቱ ላይ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) የሚሠራው ከሚችለው ግማሽ ነው፦ ሁለት ሲችል አንድ አንድ ጊዜ፣ በስምንት ዙር። እስኪደክሙ መሳብ በጥቂት ቀናት ክርንን ያሳምማል። ከዚያ በስፖንዳው ጠርዝ ሥር ተንጋሎ፣ ተረከዝ መሬት ላይ ሆኖ ደረትን ወደ ጠርዙ መሳብ፤ ስምንት ስምንት በሦስት ዙር። ስፖንዳው መቆለፉን ሳያረጋግጡ መንጠልጠል አደጋ ነው። ቀጥሎ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ ብቻ ይዞ ሳያዘነብሉ 30 ሜትር መሄድ፣ ሦስት ጊዜ በግራ፣ ሁለት ጊዜ በቀኝ። ግራ የበለጠው ግራ እጅና ትከሻው ሸክም ስላልለመዱ ነው። የጎን ፕላንክም፣ ማለትም በአንድ ክንድ ተደግፎ በጎን ቀጥ ብሎ መቆየት፣ እንዲሁ ከግራ ይጀምራል። በመጨረሻ የአሸዋ ጆንያን ደረት ላይ አቅፎ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ስድስት ስድስት በሦስት ዙር። ጆንያው በ30 ኪሎ ጀመረ፤ ደረቅ አሸዋ በሊትር 1.6 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በአንድ ሊትር የዘይት ጠርሙስ እየሰፈሩ መጨመር ይቻላል።

የጫኝ ሥራ ሲመጣ ይመጣል እንጂ ቀን አይቆረጥለትም። ለዚህ ነው ቋሚ ቀን ያልተመረጠው። ደንቡ የዕለቱ የትከሻ ሸክም ነው፦ ከ40 ከረጢት በታች ከሆነ ሙሉው ልምምድ ይሠራል፤ ከ40 እስከ 80 ከሆነ መሳብና የጎን ፕላንክ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ምንም አይሠራም፣ ይበላል፣ ይተኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ካልተገኘም አንዱ ይበቃል። ወደ ደሴ ለማራገፍ የሚሄዱበት ቀን ከረጢቱ ቢያንስም እንደ ከባድ ቀን ተቆጠረ። ደሴ በመኪና ቅርብ ብትሆንም ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ትንፋሹም ቁልቁለቱም ሌላ ነው።

የተበላሸው

ግራ ትከሻን ማለማመድ የታቀደው በየአሥሩ ከረጢት እየቀያየሩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አይሱዙ ሲጫን ሰውየው ይህንኑ ወደ መኪናው በሚያወጣው ጣውላ ላይ ሞከረው። ጣውላው ይጎብጣል፣ ግራው ገና ሚዛን አልያዘም፤ ከረጢቱ ወድቆ ፈነዳ፣ ዋጋውም ከቡድኑ ተቆረጠ። እሱ አለመጎዳቱ ዕድል ነው። ከዚያ በኋላ ግራ የሚሸከመው በጠዋቱ ሳይደክም፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ከረጢቶች ብቻ ሆነ። ጣውላው ላይ በየ35 ሳንቲ ሜትሩ አግዳሚ እንጨት ተመታበት፤ ይህ ከዓመታት በፊት መደረግ የነበረበት ነው። ግራው በሰባተኛው ሳምንት ከቀኙ ጋር ተስተካከለ።

ሁለተኛው ስህተት በአምስተኛው ሳምንት ሆነ። ብርታት ስለተሰማው 100 ከረጢት በተሸከመበት ቀን ማታ ስኳት ጨመረ፤ ለሦስት ቀን ጉልበቱ አሞት ሥራ ቀረ። የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን ሲቀር ቤቱ የሚጎድለውን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ከላይ ያለው የከረጢት ደንብ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ምግብ፣ ጾም፣ ጫት

ጡንቻ ለመገንባት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል፤ ለእሱ 98 ግራም ነው። ሥጋ በየቀኑ የማይታሰብ ስለሆነ ሂሳቡ በሌላ ተሠራ፦ ሦስት የጤፍ እንጀራ 30 ግራም ያህል፣ ከ80 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 17፣ ደረቅነቱ 100 ግራም የሆነ ምስር 24፣ ሁለት እንቁላል 12፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16። በየጾሙ እንቁላልና ወተት ለማይበሉት የቡድኑ አባላት አንድ እፍኝ ተኩል ለውዝና ተጨማሪ ምስር ቦታውን ይይዛል። ከሥራ በፊት ደግሞ በሶ፤ ለሆድ አይከብድም፣ ቶሎም አያስርብም።

የመጋዘኑ ሚዛን የውሃን ጉዳይ ፈታው። አንድ መኪና ካወረደ በኋላ ሲመዘን 1.8 ኪሎ ቀንሶ ተገኘ፤ ይህ ላብ ነው፣ ወደ ሁለት ሊትር ውሃ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጨው ቆንጠር የተደረገበት ውሃ በየሩቡ መቀያየሪያ ላይ ይጠጣል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ነበር፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። ሰውየው ሙስሊም ስለሆነ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ያለ ውሃ ነበር የሚሠራው። የተለወጠው የዙሩ ብዛት እንጂ ክብደቱ አይደለም። ያገኙትን ጥንካሬ ለማቆየት ከተለመደው ሲሶ ያህል ዙር ይበቃል፣ ክብደቱ ካልወረደ። ስለዚህ ካፈጠረ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ሠራ። ክርስቲያን ጓደኞቹ ከቀትር በኋላ ባለው ሩብ የእሱን የመሸከም ተራ ወስደው መደርደሩን ሰጡት፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ስለ ጫት ዝም ማለት አይቻልም። ጫት ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍንም ያርቃል። ለዚህ ሰው ዋናው ጉዳቱ የመጨረሻው ነበር፤ ከስምንት ሰዓት ሌሊት በፊት አይተኛም ነበርና። በረመዳን ተወው፤ ከዒድ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተመለሰ።

ውጤቱ

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ክብደቱ 63.5 ኪሎ ሆነ። ፑል አፕ ከሁለት ወደ ሰባት፣ የግራ ጎን ፕላንክ ከ21 ወደ 48 ሰከንድ አደገ፤ የቀኙ ከ50 ወደ 55። ቀኝ እጁ ጆሮውን ይነካል። ወገቡ ደርቆ የሚነሳባቸው ጠዋቶች በሳምንት ከአምስት ወደ አንድ ወረዱ።

ያልተለወጠም አለ። ማጅራቱ ላይ ያለው ሲሚንቶና ላብ የሚያቃጥለው ቆዳ አልዳነም፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ስለሚበላ በየመኪናው መጨረሻ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፣ ውሃ ግን መጋዘኑ ጋ ሁልጊዜ አይገኝም። ለአቧራው የሚሆን የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ገና ነው።

ከቡድኑ አንጋፋዎች አንዱ ወገቡን አሞት ሕመሙ እስከ እግሩ ጣት ይወርዳል፤ ልምምዱን ልጀምር ብሎ ነበር፣ አልተጀመረለትም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው ተባለ። እግር ሲደክም ወይም ሲጎተት፣ በሁለቱ ጭኖች መካከል ሲደነዝዝ፣ ሽንት መቆጣጠር ሲያቅት፣ ይህ ለወጌሻ የሚሰጥ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ያስኬዳል። ሲያነሱ ብሽሽት ላይ ብቅ የሚል እብጠትም ቡአ ሊሆን ስለሚችል ከመታየቱ በፊት ከረጢት አይነሳም። እኚህ ሰው ምርመራቸውን እስኪጨርሱ በመቀያየሩ ውስጥ ቆጣሪ ሆነዋል፤ ድርሻቸውም እንደ ሌላው ሰው እኩል ነው።